ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ፍላሽ ሰክታችሁ ኮምፒውተሩ አላውቀውም ካለ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ፎርማት አታድርጉት። ዊንዶውስ ራሱ መስኮት ከፍቶ «ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት መደረግ አለበት» ቢላችሁም አታድርጉት። አጠገባችሁ ያለ ሰው «ኧረ ፎርማት አርገው፣ ይሰራል» ቢላችሁም አታድርጉት። እርግጥ ብዙ ጊዜ ከፎርማት በኋላ ፍላሹ ይሰራል። ግን እናንተን ያስጨነቃችሁ ፍላሹ አይደለም። ፍላሽማ ሱቅ ሞልቷል። ያስጨነቃችሁ ውስጡ ያለው ነው።

ይሄን የምጽፈው ነገሩ ስለሚያንገበግበኝ ነው። ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለ ፕሪንት ቤት ውስጥ ለዓመታት ሰርቻለሁ፤ አሁን ደግሞ በአንድ መሥሪያ ቤት የአይቲ ድጋፍ ላይ ነኝ። በሁለቱም ቦታ ከሁሉ በላይ የሚመጣብኝ ችግር ይሄው ነው፦ ፍላሽ አልነበብ አለ። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሰርግ ቪዲዮ፣ የመሥሪያ ቤት ሒሳብ፣ የሟች አባት ፎቶ፣ የመዝሙር ስብስብ፣ ለቪዛ የተሰበሰበ ሰነድ። ብዙ ሰው የራሱ ኮምፒውተር የለውም። ሰው ቤት ይጽፋል፣ ካፌ ያርማል፣ ፕሪንት ቤት ያሳትማል፣ ዕቃው ሁሉ ግን ያለው ኪሱ ውስጥ ባለችው ፍላሽ ላይ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ወይም ፓኬጅ ሲያልቅ ደግሞ ሁሉ ነገር የሚሄደው በሷ ነው። ሌላ ኮፒ የለም። ስለዚህ አንድ ሰው ያን ሁሉ በሁለት ክሊክ ሲያጠፋው ሳይ ያመኛል።

ፍላሽ ስንሰካ ምን እንደሚሆን መጀመሪያ ላስረዳ፤ ይሄን ካወቃችሁ ግማሹ መላ እጃችሁ ገባ ማለት ነው። እንግዳ ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ሲል አስቡት። ኮምፒውተሩ 5 ቮልት ይሰጣል። ፍላሹ ይነቃና ከሁለቱ የዳታ መስመሮች በአንዱ ላይ በ1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ቮልቴጅ ከፍ ያደርጋል፤ «ቤቶች!» ማለቱ ይሄ ነው። ኮምፒውተሩ «ማነው?» ይላል። ፍላሹ የአምራቹን ቁጥር፣ የራሱን ቁጥርና ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ ይናገራል። ቀጥሎ «መጠንህ ስንት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። መልስ ከተገኘ የመጀመሪያው ሴክተር፣ ማለትም የመጀመሪያዋ ትንሽ የዳታ ቁራጭ፣ ይነበባል፣ ፍላሹ እንዴት እንደተከፋፈለ የተጻፈው እዚያ ነው። ከዚያ ፋይል ሲስተሙ ይነበባል፣ ማለትም የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚያሳየው ማውጫ። መጨረሻ ላይ ኢ ወይም ኤፍ የምትል ፊደል ትሰጠዋለች። ፋይላችሁን የምታዩት ይሄ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

«አላነብ አለኝ» የምንለው ከነዚህ ቦታዎች አንዱ ላይ ነገሩ ተቋርጦ ነው። አሁን ፎርማት ምን እንደሚሰራ እዩ። የፎርማት ዋና ሥራው አዲስ ማውጫ መጻፍ ነው። ነገሩ የተቋረጠው ከማውጫው በፊት ከሆነ፣ ለምሳሌ ፍላሹ ስሙን እንኳ መናገር ካቃተው፣ ፎርማት ራሱ አይሰራም። የተቋረጠው ማውጫው ላይ ከሆነ ደግሞ ፎርማት የሚያጠፋው ልክ እኛ ልናድነው የሚገባንን ነገር ነው። በሁለቱም በኩል መድኃኒት አይደለም።

የት ላይ እንደተቋረጠ ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ይናገራል። ችግሩ መልእክቱን የሚያነብ ሰው የለም፣ ሁሉም የቸኮለ ነው፣ መስኮቱ ብቅ ሲል እሺ የሚለውን ተጭኖ ያልፋል። ሰው ፍላሽ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ቃል በቃል ምን አለህ?» ብዬ ነው። «አልሰራም አለኝ» ከሆነ መልሱ፣ እንደገና እንሰካውና አብረን እናነባለን።

ከቀላሉ ልጀምር። ሰካችሁት፣ ድምፅ የለም፣ መብራቱም አልበራም። እዚህ ላይ ፍላሹን ከመጠርጠራችሁ በፊት ቀዳዳውን ጠርጥሩ። የዴስክቶፕ የፊት ለፊት ቀዳዳዎች ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኙት በቀጭን ገመድ ነው። በተለይ ፕሪንት ቤትና ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስለሚሰካባቸው ይላላሉ፣ አቧራም ይሞላቸዋል። ከኋላ ያሉት ግን ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው። እዚያ ሰኩት። በሃብ ወይም በማራዘሚያ ከሆነ አውጡና በቀጥታ ሰኩ። ከዚያ ሌላ ኮምፒውተር ሞክሩ። ይሄን ሳያደርጉ ፍላሼ ሞተ ብለው የሚያለቅሱ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ አብዛኞቹ ፍላሻቸው ደህና ነው።

ሰማያዊ ምላስ ያላቸው፣ ዩኤስቢ 3 የሚባሉት፣ አንድ ጥሩ ነገር አላቸው። ፈጣኑ መንገድ በራሱ በተለዩ አምስት ተጨማሪ መገናኛዎች ነው የሚሄደው፣ አሮጌዎቹ አራት ደግሞ እንዳሉ ናቸው። ስለዚህ ዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ላይ የሚያስቸግር ፍላሽ ጥቁሩ የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ ላይ ሲሰካ ቀስ ብሎም ቢሆን ሊነበብ ይችላል። ከተነበበ ሳትነቅሉ ሁሉንም ኮፒ አድርጉ።

ሌላው መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚያጋጥም ነገር ነው። ባንክና አንዳንድ ትልልቅ ድርጅቶች ቫይረስ ፈርተው ፍላሽ እንዳይነበብ ኮምፒውተሮቹን ይዘጋሉ። ፍላሹም ኮምፒውተሩም ጤነኛ ነው፣ ፈቃዱ ነው የሌለው። እዚያ ላይ ሬጅስትሪ (የዊንዶውስን የውስጥ ማስተካከያ) ነካክታችሁ ችግር ውስጥ እንዳትገቡ፤ አይቲ ክፍሉን ጠይቁ።

መብራቱ በርቶ ግን ኮምፒውተሩ «ያልታወቀ የዩኤስቢ ዕቃ» ካለ፣ ወይም ዲቫይስ ማናጀር (ዊንዶውስ ያወቃቸው ዕቃዎች ዝርዝር) ውስጥ ቢጫ ምልክት ኖሮ ኮድ 43 የሚል ካያችሁ፣ «ማነው?» ተብሎ መልስ ጠፍቷል ማለት ነው። ኃይል ደርሷል፣ ንግግሩ ነው ያልተሳካው። የፍላሹን ጫፍ እዩት፤ አራት ወርቅማ መስመሮች አሉ። የዳሩ ሁለቱ ኃይል ይወስዳሉ፣ የመሃሉ ሁለቱ ዳታ። የዳሮቹ ትንሽ ረዘም ተደርገው ነው የተሰሩት፣ ሲሰካ ኃይል ቀድሞ እንዲደርስ። ስለዚህ ከመሃለኞቹ አንዱ ከቆሸሸ ወይም ውስጥ ላይ ብየዳው ከለቀቀ መብራቱ እየበራ ምንም አይነበብም። በንጹሕ አልኮል በስሱ ጠርጉት፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ሞክሩ። ካልሆነ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ያንን ቢጫውን ዕቃ አንኢንስቶል አድርጉና ፍላሹን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩ። ዊንዶውስ ከአዲስ ይተዋወቀዋል። ሌላ ኮምፒውተር ላይም ይሄው መልእክት ከመጣ ግን ችግሩ ፍላሹ ውስጥ ነው፣ ሶፍትዌር ማውረዱን ተዉት።

እጃችሁን የሚያቃጥል ፍላሽ ከሆነ ወዲያው ንቀሉት። ትንሽ መሞቅ ያለ ነው፤ በሰከንዶች ውስጥ የማይያዝ የሚሆን ከሆነ ግን ውስጡ ሾርት አለ።

አሁን ወደሚዘነጋው እንሂድ። ድምፁ ተሰምቷል፣ ፍላሹ ግን ማይ ኮምፒውተር ውስጥ የለም። እዚህ ጋ ዲስክ ማኔጅመንትን ክፈቱ፤ የስታርት ምልክቱ ላይ ቀኝ ክሊክ ስታደርጉ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ፍላሹ እዚያ በትክክለኛ መጠኑ ከታየ እፎይ በሉ። ብዙ ጊዜ ፊደል ነው ያጣው። በተለይ ቢሮ ውስጥ የጋራ ፎልደሮች ፊደል ይዘው ስለሚቀመጡ ፍላሹ የሚፈልገውን ሌላ ይዞት ይገኛል። ቀኝ ክሊክ፣ ፊደል መቀየሪያው፣ አዲስ ፊደል፣ አለቀ። እዚያው ውስጥ «ኢኒሻላይዝ» ወይም «አዲስ ቮልዩም» የሚል ጥያቄ ከመጣ ግን እሺ አትበሉ። እነሱም እንደ ፎርማት ሁሉ ፍላሹ ላይ አዲስ ነገር ይጽፋሉ።

በትክክለኛ መጠኑ ካልታየስ? «ሚድያ የለም» ቢል፣ ወይም 0 ባይት ቢያሳይ፣ ወይም ስትከፍቱት «ዲስክ አስገባ» ቢላችሁ? ይሄ ከሁሉም መጥፎው ነው፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ፍላሽ ውስጥ ሁለት ዋና ነገሮች አሉ፤ ዳታ የሚቀመጥበት የማስታወሻ ቺፕና ሥራውን የሚመራው ኮንትሮለር። እዚህ ላይ ኮንትሮለሩ ቆሞ ያወራል፣ ማስታወሻው ግን አይመልስለትም። በኢንተርኔት ላይ ለዚህ የሚሆኑ «ጠጋኝ» ፕሮግራሞች ሞልተዋል፣ በየኮንትሮለሩ ዓይነት። ፋብሪካ ውስጥ አዲስ ፍላሽ ለማዘጋጀት የሚያገለግሉ ናቸው። ፍላሹን ሊያስነሱት ይችላሉ፣ ውስጡ ያለውን ግን ጠራርገው ነው። ዳታው የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ያለው አማራጭ ቺፑን አንስቶ በልዩ መሣሪያ የሚያነብ ባለሙያ ነው። ያ ውድ ነው፣ ሁልጊዜም አይሳካም። ለሰው ይሄን መናገር ከባድ ነው፣ ግን ተስፋ ሰጥቶ ከማመላለስ ይሻላል።

በብዛት የሚያጋጥመው ግን ያ የፎርማት ጥያቄ ነው። ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ መጠኑ ትክክል ነው፣ ፋይል ሲስተሙ ቦታ ላይ ግን «ራው» ይላል። ይሄን ሳይ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ፍላሹ በሕይወት አለ፣ ስሙን ተናግሯል፣ መጠኑን ተናግሯል፣ ማውጫው ብቻ ነው የተበላሸው።

አንዲት የማስተርስ ተማሪ መጣች። የመመረቂያ ጽሑፏን ልታሳትም ነው፣ ነገ ማስረከብ አለባት። ቤት ውስጥ እያረመች ሴቭ ስታደርግ መብራት ሄደ። ከዚያ በኋላ ፍላሹ ይሄን ጥያቄ ነው የሚያመጣው። ወረፋ የያዙት ልጆች ሁሉም መካሪ ሆኑ፤ «ፎርማት አድርጊውና በሪከቨሪ ታወጪዋለሽ» አላት አንዱ፣ በቅንነት። እጇ ማውሱ ላይ ነበር። «ቆይ እህቴ፣ ንቀይው» አልኳት።

መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ፍላሹን መጠገን አልነበረም። ቴስትዲስክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ በሱ የፍላሹን ሙሉ ቅጂ፣ ባይት በባይት፣ ወደ ኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ገለበጥን። ይሄ ደረጃ ይሰለቻል። ግን ከዚህ በኋላ የሚደረገው ሁሉ በቅጂው ላይ ስለሆነ ብንሳሳትም ዋናው አለ። ቼክዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ ማረሚያ ወዲያው ማስሮጥ የማልወደውም ለዚህ ነው። ሥራው ማውጫውን ማስተካከል እንጂ ፋይላችሁን ማትረፍ አይደለም፤ ያልገባውን ነገር ቆርጦ ይጥላል፣ የሚጥለው ደግሞ ብቸኛዋ ኮፒያችሁ ላይ ነው። ቅጂ ካለ ግን ይሞከር፣ ግድ የለም።

ፋት32 የሚባለው ፋይል ሲስተም አንድ የማይነገርለት ደግነት አለው። የማስነሻ ሴክተሩ ተጠባባቂ አለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴክተር 6 ላይ። የፋይሎች አድራሻ የተጻፈበት ሰንጠረዥም ሁለት ቅጂ ነው ያለው። የሰሩት ሰዎች መበላሸቱ እንደማይቀር አውቀው ነው ያስቀመጡት። ቴስትዲስክ ተጠባባቂውን አገኘና ደህና ነው አለ። ቅጂው ላይ የተበላሸውን የማስነሻ ሴክተር በሱ ተካነው፣ ፎልደሮቹ ተዘረገፉ። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች።

አላለቀም ግን። መብራት ሲሄድ ክፍት የነበረው ፋይል፣ ራሱ መመረቂያ ጽሑፉ፣ አልከፈት አለ። እዚህ ላይ የቴስትዲስክ እህት የሆነው ፎቶሬክ ገባ። ፎቶሬክ ማውጫውን አይጠይቅም፣ ከጅማሬ እስከ መጨረሻ እየተጓዘ የፋይሎችን አነሳስ ይፈልጋል። እያንዳንዱ የፋይል ዓይነት የራሱ አነሳስ አለው። አዲሱ የወርድ ፋይል ለምሳሌ ውስጡ ዚፕ ነው፣ ስለዚህ ፒ እና ኬ በሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጀምራል። የዚፕን አሠራር የፈጠረው የፊል ካትዝ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። ሰውዬው በ2000 (እ.ኤ.አ.) አርፏል፣ ፊደሎቹ ግን እስከ ዛሬ የሰው ፋይል ያስገኛሉ። ይሄን ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል።

ወርድ ደግሞ ሴቭ ሲያደርግ አሮጌው ላይ አይጽፍም። አዲስ ፋይል ጽፎ፣ አሮጌውን አጥፍቶ፣ ስሙን ይለዋውጣል። ስለዚህ የጠፉት አሮጌ ቅጂዎች ሌላ ነገር እስካልተጻፈባቸው ድረስ እዚያው ተኝተው ይቆያሉ። ፎቶሬክ ብዙ አወጣልን፣ ሁሉም ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ። አንድ በአንድ ከፈትን። ከመጨረሻው ምዕራፍ በስተቀር ሙሉ የሆነ አገኘን። የመጨረሻው ምዕራፍ ከየት መጣ? ከቴሌግራም። ለአድቫይዘሯ ልካለት ነበር፣ እሷ ረስታዋለች። አሁን ማንም ሰው ፍላሽ ጠፋብኝ ሲለኝ መሣሪያ ከማንሳቴ በፊት ቴሌግራሙን አስከፍተዋለሁ። ለጓደኛ የተላከ፣ ለፕሪንት ቤት የተላከ፣ ለራስ የተቀመጠ ነገር ብዙ ጊዜ አለ። ኢሜይልም እንደዚሁ።

ያ ወረፋ ላይ የነበረው ልጅ ያለው ነገር ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም፣ ይሄም ይነገር። ፈጣኑ ፎርማት ማውጫውን ብቻ ስለሚያድስ ዳታው ከሥር ይቀራል። ፈጣኑን ያደረጋችሁ ሰዎች ተስፋ አትቁረጡ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ምንም አትጻፉበት፣ ፎቶሬክ አስሩጡ። የወጣውንም እዚያው ፍላሽ ላይ አታስቀምጡ፣ ያተረፋችሁትን በራሱ ላይ ትጽፉበታላችሁ። ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ «ፈጣን» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክቱ ከተነሳ ሙሉው ፎርማት ፍላሹን በሙሉ ዜሮ ይጽፍበታል። ያን ጊዜ የለም። በጭንቀት ሰዓት ሰው የትኛው ሳጥን ላይ ምልክት እንደነበረ አያስታውስም።

ሁለተኛው በብዛት የማየው ነገር ከመበላሸት ጋር ምንም አይገናኝም። ቫይረስ ነው። አንድ ቀን አንዲት እናት ልጃቸው ከጂዳ በሰው እጅ የላከችላቸውን ፍላሽ ይዘው መጡ። ሌላ ቦታ አሳይተው «ባዶ ነው ማዘር፣ ፎርማት አድርገን እንስጥዎት?» ተብለዋል። እምቢ ብለው ነው ወደኛ የመጡት። «እስቲ አንተ እየው፣ የኔ ልጅ ባዶ ነገር አትልክም» አሉኝ።

ሰካሁት። እውነትም የሚታየው አንድ ሾርትከት ብቻ ነው። ፍላሹ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጌ ፕሮፐርቲስ አልኩ። ክቡ ግማሽ በግማሽ ሰማያዊ ነው፤ ግማሽ ፍላሽ ተይዟል። ባዶ የሆነ ነገር ቦታ አይይዝም። ይሄን ያህል ቀላል ነው፣ ማንም ማየት ይችል ነበር።

ይሄኛው ቫይረስ ፋይሎችን አያጠፋም፣ ይደብቃል። ስውርና የሲስተም ፋይል ናቸው የሚል ምልክት ይለጥፍባቸዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ስም የሌለው ፎልደር ሰርቶ ሁሉንም እዚያ ይከታቸዋል። በምትካቸው ሾርትከት ያስቀምጣል፤ እሱን የነካ ሰው ፋይሉም ይከፈትለታል፣ ቫይረሱም ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባል። ሰው ሳያውቅ ለዓመታት ሲያዛምተው ይኖራል። በፍላሽ የሚዛመት ቫይረስ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ኮንፊከር የሚባለው ቫይረስ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ከተዛመተባቸው መንገዶች አንዱ ፍላሽ ነበር። በ2010 (እ.ኤ.አ.) የተደረሰበት ስተክስኔት የሚባለው ቫይረስ ደግሞ ኢራን ውስጥ የዩራኒየም ማበልጸጊያ ማሽኖችን ለማበላሸት የተሰራ ነው፤ በፍላሽ ይተላለፍ ነበር፣ የሾርትከቱ ምስል መታየቱ ብቻ ይበቃው ነበር።

መፍትሔው አጭር ነው። ሾርትከቱን አትንኩ። ኤክስፕሎረር ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ፤ «የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ» ከሚለው ላይም ምልክቱን አንሱ፣ ያለሱ አይታዩም። ወይም በትዕዛዝ መስኮቱ አትሪብ የሚለውን ትዕዛዝ በማይነስ ኤች፣ ማይነስ ኤስ፣ ማይነስ አር አስሩጡት፣ ምልክቶቹን ያነሳል። ፋይሎቻችሁን ብቻ ለይታችሁ ንጹሕ ቦታ ኮፒ አድርጉ። ኮምፒውተሩንም በአንቲቫይረስ ፈትሹ፣ አለዚያ የሚቀጥለውን ፍላሽ ይይዘዋል። ሊነክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚሰራ ሌላ ሲስተም) ያለው ሰው ካገኛችሁ ደግሞ የበለጠ ይቀላል፤ ያ ቫይረስ እዚያ አይሰራም፣ ሁሉም ፋይል ይታያል።

የእናትየዋ ፍላሽ ውስጥ ስም የሌለው ፎልደር ነበር። ፎቶዎች፣ አንድ ረዘም ያለ ቪዲዮም። ልጅቷ ካሜራው ፊት ቆማ «እማዬ፣ ደህና ነኝ፣ ወፍሬያለሁ አይደል?» ትላለች። እዚያው ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው አዩት፣ ከዚያ እንደገና አስከፈቱኝ። ያ ሌላው ቤት ክፋት አስቦ አይደለም። ግን ፕሮፐርቲስን ሳያዩ «ባዶ ነው» ማለት፣ ከዚያ ደግሞ ፎርማት እናድርገው ማለት፣ በሰው ሕይወት መቀለድ ነው።

«ራይት ፕሮቴክትድ ነው» የሚል ፍላሽም አለ፣ ማለትም መጻፍ የተከለከለ። ጎኑ ላይ ትንሽ መቆለፊያ ካለው አንሸራትቱት፣ አለቀ። ከሌለው ግን ጠንቀቅ በሉ። ፍላሽ የሚጻፍበት ብዛት የተወሰነ ነው፤ ክፍሎቹ እያረጁ ሲሄዱ ኮንትሮለሩ በመጠባበቂያ ክፍሎች ይተካቸዋል፣ መጠባበቂያው ሲያልቅ ብዙዎቹ ራሳቸውን ይቆልፉና ማንበብ ብቻ ይፈቅዳሉ። ሰዎች ይሄን ለማስከፈት ቀኑን ሙሉ ሲታገሉ አያለሁ። ለምን? ፍላሹ ያለችውን የመጨረሻ ጉልበት እንድታወጡበት እየሰጣችሁ ነው። ኮፒ አድርጉና አሰናብቱት።

መኪና ላይ ወይም ቴሌቪዥን ላይ አልነበብ ያለ ፍላሽ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ብዙ የመኪና ማጫወቻ ፋት32 ብቻ ነው የሚያውቀው። 64 ጊጋና ከዚያ በላይ የሆኑ ፍላሾች ግን ከፋብሪካ ሲወጡ ብዙዎቹ ኤክስፋት በሚባለው ሌላ ፋይል ሲስተም ነው። የዊንዶውስ የተለመደው ፎርማት ማድረጊያ ደግሞ ለረጅም ዘመን ከ32 ጊጋ በላይ ፋት32 አላደርግም ሲል ነው የኖረው፣ ፋት32 ራሱ ከዚያ በጣም የሚበልጥ መያዝ እየቻለ። ለሙዚቃ ከሆነ 32 ጊጋ ወይም ከዚያ ያነሰ ግዙ፣ ከጭቅጭቅ ትድናላችሁ። ፋት32 አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ በላይ አይቀበልም፣ ለሰርግ ቪዲዮ የማይሆነው ለዚያ ነው። ማክ ያለው ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ደግሞ ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ ፋይል ሲስተም የተዘጋጀ ፍላሽ ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። ለሁለቱም የሚሆነው ኤክስፋት ነው።

ጫፉ የተጣመመ ፍላሽ ሌላ ታሪክ ነው። ላፕቶፕ ላይ ተሰክቶ እያለ በክርን ተመትቶ፣ ወይም ሰው ሲያልፍ ነክቶት። ወዲያ ወዲህ ሲሉት ይነበባል፣ ሲለቁት ይጠፋል። እባካችሁ እያወዛወዛችሁ ለማንበብ አትሞክሩ። አራቱ የብየዳ ነጥቦች ከቦርዱ ላይ ያለውን ስስ መዳብ ይዘው ይላቀቃሉ፣ ያኔ ሥራው ይከብዳል። ይልቅ ጥሩ የሞባይል ጥገና ባለሙያ ጋ ሂዱ። ማይክሮስኮፕና ጥሩ መበየጃ ያለው ሰው አራት ቀጫጭን ሽቦ ከቦርዱ ወደ አሮጌ የዩኤስቢ ገመድ ሊበይድላችሁ ይችላል፤ አንዴ ተነብቦ ኮፒ ቢደረግ በቂ ነው። ስታስረክቡ «ፍላሹ እንዲሰራ አልፈልግም፣ ውስጡ ያለውን ነው የምፈልገው» በሉት። ይሄን ካልነገራችሁት የናንተን ፍላጎት በምን ያውቃል?

የልጆቻችሁን ፎቶ ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀመጣችሁም አላችሁ። የፍላሽ ማስታወሻን የፈጠሩት ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ ናቸው፣ ቶሺባ ውስጥ፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.)። ሐሳቡ የኤሌክትሪክ ሙላትን በማይተላለፍበት ግድግዳ አጥሮ ማቆየት ነው። ግድግዳው ጥሩ ነው፣ ግን በዓመታት ውስጥ ሙላቱ በጥቂት በጥቂቱ ያመልጣል፣ በሙቀት ደግሞ ቶሎ። በየጊዜው አውጥታችሁ ሰኩትና ፋይሎቹ መከፈታቸውን እዩ፣ ሌላ ቦታም ኮፒ ይኑራችሁ። አሜሪካ ውስጥ አይቢኤም የመጀመሪያዎቹን ሲሸጥ፣ በ2000 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ፣ 8 ሜጋባይት ብቻ ነበር የሚይዘው። ዛሬ የዕድሜ ልክ ነገር በአንድ ጥፍር ላይ ስለሚገባ በአንድ ጊዜ የሚጠፋውም ያንኑ ያህል ነው።

አዲስ ስትገዙ የመጨረሻ ነገር። ገበያ ላይ መጠኑ የተዋሸ ፍላሽ አለ። 8 ጊጋ የሆነ ቺፕ ይዞ ኮንትሮለሩ 64 ጊጋ ነኝ እንዲል ተደርጎ የተሰራ። ኮምፒውተሩ ያምነዋል፣ ኮፒውም ያለ ችግር ያልቃል። የመጀመሪያዎቹ ፋይሎች ይከፈታሉ፣ ከዚያ በኋላ የገቡት ባዶ ወይም የተበላሹ ይሆናሉ። ፍላሽ አበላሸብኝ ብለው ከሚመጡት ውስጥ እንዲህ ያለውን የገዙ አሉ። መጀመሪያውንም አልተጻፈም፣ ማንም ሊያወጣው አይችልም። ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ለሊነክስና ለማክ ደግሞ ኤፍ ስሪ። ፍላሹን እስኪሞላ ይጽፉበትና መልሰው እያነበቡ ያመሳክራሉ። ባዶ እያለ፣ የናንተ ነገር ሳይገባበት፣ ፈትሹት። ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ካልሆነ የምትመልሱበትን ቀን ከሻጩ ጋር ተነጋገሩ። 64 ጊጋ በዩኤስቢ 2 ከሆነ ሁለት ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ስለዚህ ባትሪው የሞላ ላፕቶፕ ላይ አድርጉት፣ መብራት ቢሄድም እንዳይቋረጥ።